ሞጣ ላይ ፊደል ያስቆጠርኳቸው ሽማግሌ

ዲግሪዬን ሳሎን ተሰቅሎ ያየ ሁሉ ያመሰግነኛል። ምስጋናው ግን ለአንድ የሞጣ ሽማግሌ ነው የሚገባው።

በንጉሡ ዘመን ከዩኒቨርሲቲ ለመመረቅ አንድ ዓመት ጠቅላይ ግዛት ወርዶ ማገልገል ግዴታ ነበር። ለእኔ ሞጣ ደረሰኝ፤ እሑድ እሑድ ከሰዓት በኋላ ገበሬዎችን ፊደል ላስቆጥር። ተማሪ ካልመጣ አገልግሎቱ አይያዝልኝም፤ ካልተያዘልኝ ደግሞ ዲግሪ የለም። ሁለት እሑድ ከባዶ አግዳሚ ጋር ተፋጥጬ ዋልኩ።

በሦስተኛው እሑድ ጋቢ የለበሱ ሽማግሌ ገብተው ፊት ተቀመጡ። ወደ ሰሌዳው ብጠራቸው "ሀ"ን ገልብጠው ጻፏት። እጃቸውን ይዤ አቃናሁላቸው።

"አባባ፣ ትኩረት ይጎድልዎታል" አልኳቸው ኮስተር ብዬ።

"እውነትዎን ነው መምህር፣ ጭንቅላቴ ደንዝዟል።"

በር ላይ ቆሞ የሚያየው ሰው ሁሉ እንባው እስኪፈስ ሳቀ። በሽማግሌው መሳቁ አናደደኝና ገሠጽኩት። በሚቀጥለው እሑድ ግን የሳቀው ሁሉ ገብቶ ተቀመጠ፤ ለፋሲካ ክፍሉ ሞልቶ ነበር።

ያኔ ከቢቸና የትምህርት ተቆጣጣሪ መጣ። እኔን ሳይጨብጥ አልፎኝ ሄዶ የሽማግሌውን ጉልበት ሳመ።

"የኔታ፣ ቅኔ ያስተማሩኝ እርስዎ፣ እዚህ ምን ያደርጋሉ?"

"ቀስ በል" አሉት ወደ ጆሮው ጠጋ ብለው። "ሰዉ ለመሳሳት አፍሮ ነበር የቀረው፤ እኔ ስሳሳት ሲያይ ገባ። ይልቅ ተቀመጥ፣ መምህራችን ገና 'መ' ላይ ናቸው።"