ለመለዋወጫ የገዛሁት ሬዲዮ

ውጫሌ ላይ አሮጌ ሬዲዮ የምፈታታው ለእንጀራ ሳይሆን ሱስ ሆኖብኝ ነው። ባለፈው ጎረቤቴ ጋሽ ሰይድ አልናገር ያለ ሬዲዮአቸውን ይዘው መጡ። ልጃቸው ለሰሊጥ አጨዳ መተማ ወርዶ ደብዛው ከጠፋ ወዲህ፣ ወሬ እንዳያመልጣቸው ከጆሯቸው አይለዩትም።

«ባትሪው እንዲበረታ ብለው ሬዲዮውን ፀሐይ ላይ ያሰጡታል እንዴ?» አልኳቸው።

«ሁልጊዜ ነዋ!»

«ባትሪውን ብቻ አውጥተው ያስጡ እንጂ ጋሼ! ውስጡ ያለችውን የድሮ ትራንዚስተር ሙቀት ገድሏታል።»

ለመለዋወጫ ብዬ ከቆራሌው ከገዛሁት ሌላ አሮጌ ሬዲዮ አንዷን ነቅዬ በየድኩላቸው። ተናገረ። «አልሐምዱሊላህ» ይላሉ ብዬ ስጠብቅ፣ ዓይናቸው የበለትኩት ሬዲዮ የቆዳ ልባስ ላይ ነበር። አነሱትና ስፌቱን በጣታቸው ዳሰሱት።

«ይሄን የሰፋሁት እኔ ነኝ» አሉ። «መተማ ሲሄድ አንገቱ ላይ ያንጠለጠልኩለት።»