የሻንቶው ሽማግሌ ክንድ

ስድስተኛን ጨርሼ ሶዶ አክስቴ ቤት ስቀመጥ፣ ከሰዓት በኋላ በቤተ ክርስቲያን ትምህርት ቤት ንግድ እማር ነበር። መምህራችን ሱቅ ገብተን የምንሠራውን ልምምድ እንደ አንድ ትምህርት ይይዝልን ነበር። ልምምዱ ካልተያዘ የምስክር ወረቀት የለም። ወረቀቱን ካላገኘሁ አባቴ ወደ ቦዲቲ እንደሚመልሰኝ ቁርጡን ነግሮኛል፤ እዚያ ሽማግሌ ልከው መልስ የሚጠብቁ ሰዎች ነበሩ።

የተመደብኩት ጨርቅ ሱቅ ነው። ባለሱቁ ክፉ ሰው አልነበረም፤ ዝም ማለት ግን አይችልም። ደንበኛ ገብቶ እኔ አንገቴን ስደፋ እሱ ይመልሳል። ይቺ ልጅ አፏን ቤት ትታው ነው የምትመጣው እያለ ገበያተኛውን ያስቅብኛል። ቢያሳፍረኝም ከመናገር ስለገላገለኝ ደስ ይለኝ ነበር።

የዘመን መለወጫችን የጊፋታ በዓል ሲቃረብ፣ በገበያ ቀን፣ መምህሩ መጥቶ በሩ አጠገብ ተቀመጠ። አንዱን ደንበኛ ከመጀመሪያ እስከ መጨረሻ ብቻዬን እንዳስተናግድ፣ ባለሱቁ በአንድ ቃል እንኳ ከረዳኝ ልምምዱ እንደማይያዝልኝ ለሁለታችንም ነገረን።

ብዙም ሳይቆይ ከገጠር፣ ከሻንቶ የምትመጣ አንዲት ደንበኛችን ገባች። ከኋላዋ የባሏ ታላቅ ወንድም፣ የበሩን መቃን ጎንበስ ብሎ የሚያልፍ ረጅም ሽማግሌ፣ ተከተላት። ለምን እንደመጣ ገባኝ። የገጠር ሰው ጨርቅ በክንድ ካልተለካለት አያምንም፤ ከዘመዱ ሁሉ ክንደ ረጅሙን መርጦ ይዞ ይመጣል። እኛ ደግሞ የምንሸጠው በሜትር ነው።

ሽማግሌው ለሴትዮዋ ቀሚስ የሚሆነውን አቡጀዲ ሳብ አድርጎ በክንዱ መለካት ጀመረ። በእኛ ዘንድ ልጃገረድ የአባቷን እኩያ ተው አትልም። ባለሱቁ ጉሮሮውን ጠረገ፤ መምህሩም ቀና አለ። የባለሱቁ ከንፈር ሊከፈት ሲል አየሁት።

«ጋሼ፣ ይተዉኝ» አልኩት ባለሱቁን።

ድምፄ እንደዚያ ይወጣል ብዬ አላሰብኩም ነበር። ሴትዮዋ አፏን በእጇ ያዘች። ባለሱቁ ፊቱ ጠቆረ። እኔ ግን ቆሜ መቅረት አልቻልኩምና ወደ ሽማግሌው ዞሬ በወላይትኛ ቀጠልኩ።

«አባባ፣ ለቀሚሱ የሚበቃውን በክንድዎ ይለኩ። እኔ ያንኑ በሜትር እለካዋለሁ፤ ሒሳቡ በሜትር ነው።»

«ታዲያ የእኔ ክንድ ከሻንቶ ድረስ በከንቱ ነው የመጣው?» አለ።

«ቀሚሱ እንዳያጥር ነው የመጣው።»

ሽማግሌው ከሴትዮዋ ጋር ሲንሾካሾክ ዓይኔን ከጨርቁ ላይ አላነሳሁም። በመጨረሻ ክንዱን እንደገና ዘረጋ፤ ከእሱ ቀጥዬ በሜትሩ ለካሁ። መቀሱን አንስቼ የጨርቁን ጫፍ አጣምሜ ቆረጥኩት። ሴትዮዋ አገላብጣ አይታው ከፍላ ወጣች።

መምህሩ ተነስቶ «ተይዞልሻል» አለኝና ሄደ።

ባለሱቁ መቀሱን ከእጄ ወሰደ። «እንግዲህ ሱቁን ለቅቄልሽ ልውጣ?» አለኝ። እየቀለደ ይሁን ተቆጥቶ ማወቅ አልቻልኩም። ሌላ ደንበኛ ገብቶ ነበርና፣ ወደ እሱ ዞሬ ምን እንደሚፈልግ ጠየቅሁት።