ከፎቶው የወጣው ሾፌር

አሜሪካ፣ ቡፎርድ ሃይዌይ የሚባለው መንገድ ላይ ባለ አንድ ማተሚያ ቤት ስሠራ የገጠመኝን ልንገራችሁ። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ጥቁር ሱፍ የለበሱ አሜሪካዊ ሽማግሌ ገቡና ስልካቸውን ሰጡኝ። የእህታቸው ልጅ ደቡብ ሱዳን ውስጥ እርዳታ ስታደርስ በጥይት ተገድላለች። ለመታሰቢያዋ ፎቶዋን በትልቁ እንዳትምላቸው ፈልገው ነው።

ፎቶውን ኮምፒውተሩ ላይ ስከፍተው ደርቄ ቀረሁ። ልጅቷ ነጭ ላንድክሩዘር ተደግፋ ትስቃለች። አጠገቧ ቆሞ፣ ትከሻዋን ይዞ የሚስቀው ታናሽ ወንድሜ ተስፉ ነው። ሾፌሯ ነበር፤ አንድ መኪና ውስጥ አብረው ነው የሞቱት። እኔ የመኖሪያ ወረቀቴ ስላላለቀ ለቀብሩ እንኳን መሄድ አልቻልኩም።

"ሰውየውን ክሮፕ አድርገህ አውጣው፤ እሷ ብቻ ትታይ" አሉኝ።

"ማን ነው?" አልኳቸው። ለምን እንደጠየቅኩ እኔም አላውቅም።

"እንጃ፤ የዚያው አገር ሰው ይመስለኛል።"

እንዳሉኝ ቆረጥኩት። ትከሻዋ ላይ የቀሩትን ጣቶቹን ሳይቀር አንድ በአንድ አጠፋሁ። ሽማግሌው ሁኔታዬን አይተው "ደህና ነህ?" ሲሉኝ መቻል አቃተኝ።

"ወንድሜ ነው። አብሯት ነው የሞተው።"

አቀፉኝ። ዓይናቸው እንባ ሞላ። ስሙን ጠይቀውኝ እንዳይጠፋባቸው ሁለት ሦስት ጊዜ ደጋገሙት። እኔም ፎቶውን እንደነበረ ልመልሰው ማውሱን ያዝኩ።

"ተወው" አሉኝ፣ እጄን በቀስታ ይዘው። "እሱ የሌለበት ይሻላል።"