የአክስቴን ኬላ ያላለፈው ቀፎ

መጽሐፍ ማቃጠልን አጥብቀው ከሚቃወሙ ሰዎች አንዱ ነኝ። በዚህ ጉዳይ ብዙ ጽፌአለሁ፤ ሰሚ ባገኘሁበት ሁሉ ለፍልፌአለሁ። በሕይወቴ ያቃጠልኩት አንድ መጽሐፍ ብቻ ነው። ያው ነገር ዛሬ ቢደገም፣ ደግሜ አቃጥለዋለሁ።

ነገሩ የሆነው በደርግ ዘመን፣ ከአንድ ወዳጅ ሶሻሊስት አገር ትምህርቴን ጨርሼ በተመለስኩበት ማለዳ ነው። ሁለት ሻንጣና አንድ የእንጨት ሳጥን ይዤ ነበር። ሳጥኑ ለአባቴ እህት በስጦታ ያመጣሁት፣ ውስጡ በፍሬም የተከፋፈለ ዘመናዊ የንብ ቀፎ ነው። አክስቴ ከሃብተ ጊዮርጊስ ድልድይ ዝቅ ብሎ ባለው ግቢያቸው፣ ጓሮ ውስጥ፣ በእበት የተመረጉ ስድስት የአገር ቀፎዎች ነበሯቸው። ማራቸውን ለውቤ በረሃ ጠጅ ቤቶች ያቀርባሉ። የገጠር ማር በየኬላው እየተያዘ በሚቀርበት በዚያን ጊዜ፣ ባል ለሞተባቸውና ልጅ ለሌላቸው ሴት፣ ስድስቱ ቀፎ ጡረታም ጧሪም ነበር።

ቀፎውን የሰጡኝ እዚያ አገር ቤት ያከራዩኝ ሽማግሌ ናቸው። ስሰናበታቸው ከዕቃ ቤታቸው አውጥተው አስታቀፉኝ፤ ዓይናቸው እንባ አቅርሮ ነበር። ለእኔ ያለቀሱ መስሎኝ ኮራሁ።

ስጠቀልለው ከፍሬሞቹ መካከል አንድ ልብ ወለድ ሸጎጥኩበት። እዚያም እዚህም የተከለከለ፣ ከእጅ ወደ እጅ ሲዞር ጠርዙ ያለቀ መጽሐፍ ነው። አራዳ ተወልዶ ያደገ ሰው መጽሐፍ በሻንጣ ደብቆ ቢያዝ ሰፈሩን ያሰድባል። ቀፎ ውስጥ ግን ማን እጁን ይከታል?

የአውሮፕላን ማረፊያው ፈታሽ ካኪ የለበሰ፣ እንቅልፍ ያልጠገበ ጎልማሳ ነበር። መጻሕፍቴን አንድ በአንድ ገለጠ። ቋንቋውን ስለማያነብ የሚፈርደው በቀለምና በሥዕል ነው። ቀይ ሽፋን ያለው የወጥ አሠራር መጽሐፍ ያለ ጥያቄ አለፈ። ነጭ ሽፋን ያለው የሒሳብ መጽሐፍ ተጠርጥሮ ሁለት ጊዜ ተገላበጠ። የቼዝ መጽሐፍ ላይ ሲደርስ ዘውድ የደፋውን ምስል በጣቱ ነካ።

«ጓድ፣ ይሄ ንጉሥ ምን ይሠራል?»

«ይሸነፋል፣ ጓድ። መጽሐፉ የሚያስተምረው እንዴት እንደሚሸነፍ ነው።»

ትንሽ አሰበና አሳለፈው። ከዚያ ቀፎውን ኳኳ አድርጎ ባዶ መሆኑን ጠየቀኝ። ባዶ ነው፣ ለምርት ዕድገትም ይጠቅማል አልኩት። ክዳኑን እንኳ ሳያነሳ በጠመኔ ምልክት አደረገበት። መጻሕፍቱ አንድ ሰዓት ወስደዋል፤ ቀፎው ግን አፍንጫ የመጥረግን ያህል እንኳ ጊዜ አልወሰደም። መንግሥታችን ከውጭ የሚገባ ሐሳብ እንጂ ከውጭ የሚገባ ተባይ አያስፈራውም ነበር። እኔም መጽሐፉን በቀፎ በማሳለፌ እየተደሰትኩ ታክሲ ያዝኩ፤ መኪናዋ እያቃሰተች ቸርችል ጎዳናን ወጣች።

አክስቴ በር ላይ ጠበቁኝ። አገላብጠው ሳሙኝ፤ ከስተሃል አሉኝ፤ ከዚያ ሳጥኑን፣ በአሮጌ ሰም የጠቆረ አፉን አዩት። አውሮፕላን ላይ ሳሰናዳው ያደርኩትን ንግግር ጀመርኩ፦ ማር ሲቆረጥ ንብ አይጎዳም፣ ጭስ አይበዛም፣ ምርቱም... አላስጨረሱኝም።

«ንቦቹስ?» አሉ።

«የምን ንቦች፣ እትዬ?»

«የዚህ ቤት ባለቤቶች። የት ሄዱ?»

አራት ዓመት ሙሉ ዲያሌክቲክስ ስማር ይህን ጥያቄ የጠየቀኝ አልነበረም። ሽማግሌው የነገሩኝ ትዝ ያለኝ ያኔ ነው። ጎረቤታቸው ማር ይበልጥ ይሰጣል የተባለ ንብ ከሌላ አገር በድብቅ አስገብቶ ነበር። ከንቦቹ ጋር የመርፌ ራስ የምታክል ቀይ ቅንቅን አብራ ገባች፤ ንብ ጀርባ ላይ ተጣብቃ የምትመጥ ናት። የመንደሩ ንብ ሁሉ አለቀ፤ የሽማግሌውም ጭምር። ይህን ሲያወሩልኝ ሾርባ እየጠጣሁ ስለነበር ከሾርባው ጋር ውጬው ቀርቻለሁ። ለአክስቴ ስደግመው ድምፄ እያነሰ ሄደ። ሽማግሌው ያለቀሱትም ለእኔ እንዳልነበረ ገባኝ።

አክስቴ ራሳቸው ሳይነኩ ክዳኑን እኔን አስከፈቱኝ። የጠቆረ ሰም፣ ከሥሩ የደረቀ የንብ ሬሳ።

«በፈንጣጣ የሞተ ሰው ጋቢ ነው ያመጣህልኝ» አሉ።

የጠመኔውን ምልክት እያሳየሁ፣ መንግሥት እኮ አሳልፎታል አልኳቸው።

«መንግሥት ንብ አለው?»

ሳጥኑ ከበሩ አንዲት እርምጃ እንዳያልፍ አዘዙ። ፀሐይ ስትሞቅ ንቦቹ ይወጣሉ፣ አሮጌው ሰም ይሸታቸዋል፣ መጥተው ይቀስሙታል፣ በላዩ ያለውንም ይዘው ይገባሉ፤ ስለዚህ ከዚያ በፊት ወንዝ ዳር ወርዶ ይቃጠል አሉ። እኔ ግን ዓይኔ መጽሐፉ ላይ ነበር። ስስበው ሽፋኑ ከአንዱ ፍሬም ሰም ጋር ተጣብቆ እየተላጠ ወጣ። በጨርቅ እጠርገዋለሁ፣ በጋዝ አጥበዋለሁ፣ ግቢው ሳይገባ ሌላ ቦታ አስቀምጠዋለሁ እያልኩ ለመንኳቸው። አክስቴ የገጾቹን ጠርዝ አዩ፤ ቢጫ ቅባት ገብቶበታል።

«አንብበኸዋል?»

«አዎ፣ እትዬ።»

«እንግዲህ ጭንቅላትህ ውስጥ አለልህ። የኔ ንቦች ግን ያሉት እዚያ ጓሮ ብቻ ነው።»

ዋሽቼ ነበር። ያነበብኩት ግማሹን ነው፤ ዋናውን ሰውዬ የተውኩት እስር ቤት በር ላይ እንደቆመ ነው። እውነቱን ልናገር አፌን ስከፍት አንዲት ንብ አጥሩን ተሻግራ መጣችና ከሳጥኑ በላይ ዞረች። ፀሐይዋ ቆርቆሮው ላይ ደርሳለች። አክስቴ በነጠላቸው ጫፍ ቀስ አድርገው መለሷት። መጽሐፉን ወደ ቦታው መለስኩና ክዳኑን ዘጋሁ።

በእርጥብ ጆንያ ጠቅልዬ ወንዝ ዳር አወረድኩት። ላምባውን ራሳቸው አርከፈከፉ፤ ክብሪቱን ለእኔ ሰጡኝ። በዚያ ዘመን ከግቢም ሆነ ከወንዝ ዳር ጭስ ከወጣ፣ አንዱ ወረቀት እያቃጠለ ነው ተብሎ ይጠረጠራል። አንድ የቀበሌ ጥበቃ ከላይ ቆሞ ምን እንደምናቃጥል ጠየቀ።

«የንብ ቤት ነው፣ ልጄ። ታሞብን።»

ሰውየው ራሱን ነቅንቆ ሄደ። አክስቴ አልዋሹም፤ ከታማሚው ጋር ማን አብሮ እንደሚነድ የጠየቃቸው የለም። መጽሐፉ ቶሎ አልነደደም፤ ሰሙ ሲይዘው ግን ከሁሉም ደምቆ ነደደ። እኔም ልብሴን ቀይሬ፣ እስከ ክርኔ በሳሙና ታጥቤ፣ ሻንጣዬም ተራግፎ ነው ወደ ግቢው የገባሁት። የአውሮፕላን ማረፊያው ፈታሽ አክስቴን ቢያይ ሥራውን በለቀቀ ነበር።

ሳጥኑ በእርግጥ በሽታ ይኑርበት አይኑርበት እስከ ዛሬ አላውቅም። ስለ ንብ የሚያውቅ ወዳጄ ቅንቅኗ ያለ ንብ ብዙ ቀን እንደማትቆይ ይነግረኛል፤ እዚያው አፉ ላይ ደግሞ አሮጌ ሰም ውስጥ ለዓመታት የሚተኛ ሌላ በሽታ እንዳለ ይጨምራል። ይህን ታሪክ የሰሙ ጓደኞቼ አክስትህና ፈታሹ በምን ይለያሉ እያሉ ይሞግቱኛል። እኔ ልዩነቱ ይታየኛል። ክፉ ሐሳብ አገር ከገባ በኋላም ቁጭ ብለን ልንከራከረው እንችላለን። ቅንቅን ክርክር አትወድም።

ደርግ ከወደቀ በኋላ ያንኑ መጽሐፍ ፒያሳ መንገድ ዳር ተዘርግቶ አገኘሁት። ገዝቼ፣ ጓሮ ቁጭ ብዬ ልጨርሰው አክስቴ ዘንድ ሄድኩ። አርጅተዋል፤ ቀፎዎቹ ግን ዘጠኝ ደርሰዋል። በር ላይ አስቆሙኝ። መጽሐፉን ተቀብለው አራገፉት፤ ገጽ በገጽ ገለጡት፤ ጠርዙን ወደ ብርሃን አዙረው አዩ፤ በመጨረሻም አሸተቱት።

«ግቡ» አሉ፣ ለእኔም ለመጽሐፉም።