እናቴ ቃል ሲጠፋባት የቀረላት ጸሎት

እናቴ ስትሮክ ከመታት በኋላ «ውሃ» ማለት አቃታት። ሲጠማት ጣቷን ወደ ጆጉ ትቀስርና «ያ… ያ…» ትላለች፤ ካልገባን ትበሳጫለች፣ ታለቅሳለች። የእኔንም ስም መጥራት አትችልም። አንድ ቀን ጠዋት ግን ሐዋሳ ታቦር ሰፈር ባለው ቤታችን ትራሷን ሳስተካክልላት «አባታችን ሆይ»ን ጀመረች። ሳትንተባተብ፣ በድሮው የአስተማሪነት ድምጿ፣ እስከ አሜን ዘለቀችው።

«እማዬ፣ ተናገርሽ እኮ!» አልኳት።

ልትመልስልኝ አፏን ከፈተች። «ያ…» ብላ ቀረች።

ለሚከታተላት ሐኪም ስነግረው አልገረመውም። «በልምድ የገባ ነገር አንጎል ውስጥ መንገዱ ሌላ ነው» አለኝ። «ንግግር የጠፋባቸው ሰዎች ቁጥር ይቆጥራሉ፣ ይዘምራሉ፣ ስድብ ሳይቀር አጥርተው ይሳደባሉ። ጸሎቱን አስበውበት እያሉት ላይሆን ይችላል።» ከዚያ ወደ እሷ ዞሮ፣ «እናቴ፣ ጎበዝ ነዎት፣ ይበርቱ» አላት።

እኔ የሁለተኛ ደረጃ የባዮሎጂ መምህርት ነኝ። ማብራሪያው አሳመነኝ፤ እንዲያውም ከድሮ ጀምሮ የምጠረጥረውን ያረጋገጠልኝ መሰለኝ። አባቴ በመንግሥት ሥራ ተዛውሮ ከወሎ ወደ ሐዋሳ የመጣው እኛ ሳንወለድ ነው፤ እናቴ አገሯን ትታ ጸሎቷን ይዛ መጣች። እኔና ታናሽ ወንድሜ ቆመን ሳንጸልይ ቁርስ አይቀርብልንም ነበር። ያዛጋ ጭኑ ላይ ይቆነጠጣል። ዩኒቨርሲቲ ከገባሁ በኋላ መጸለይ ተውኩ፤ ሆኖም ባጃጅ ውስጥ ሆኜ በቤተ ክርስቲያን በር ሳልፍ እጄ ዛሬም ራሱ ተነስቶ ያማትባል። ይህ እምነት ሳይሆን ቁንጥጫው የተወው ምልክት ነው እል ነበር።

ወንድሜ በሌላ መንገድ ሄደ። ኮሌጅ እያለ ጴንጤ ሆነ፣ መናኸሪያ አካባቢ የመኪና መለዋወጫ ሱቅ ከፈተ፣ ከሚሄድበት ቸርች የተዋወቃትን የሲዳማ ልጅ አገባ። እናቴ ሰርጉ ላይ አልተገኘችም። ሚስቱ ስትወልድም አራስ ልትጠይቅ አልሄደችም። እሱ እኛ ቤት ሲመጣ ምሳ ታቀርብለታለች፤ እሱ ቤት ግን ውሃ አልቀመሰችም። «ልጄን የወሰዱብኝ ሰዎች ደጅ አልረግጥም» ትል ነበር። ይህን በምትልባቸው ዓመታት ሁሉ አንድም ጾም አላጎደለችም፣ አንድም ጠዋት ሳትጸልይ አልዋለችም። እኔን ከቁንጥጫው የበለጠ ያደናገረኝ ይሄ ነው። እግዚአብሔርን ያህል ነገር በየቀኑ የምታናግር እናት የገዛ ልጇን ይቅር ማለት እንዴት ያቅታታል?

ሐኪሙ ያለውን ለወንድሜ ነገርኩት። ወጥ ቤት ቆመን ነበር።

«ልማድ ነው ማለትሽ ነው?» አለኝ።

«እንደ ካሴት ነው የምትለው። አንተም እኮ ስትጸልይ ዓይንህን ጨፍነህ ሁልጊዜ ያንኑ ነው የምትደጋግመው።»

አልተቆጣም። «ልጄን ሳላቅፍ ከቤት ወጥቼ አላውቅም» አለ። «አንዳንዴ ሐሳቤ ሱቅ ነው፤ እንደው እጄ ያቅፋታል። ልማድ ስለሆነ አልወዳትም ልትይኝ ነው?»

አጥሚቱ ሊገነፍል ስለነበር ወደ ምድጃው ዞርኩ።

አንድ እሑድ ከሰዓት ወንድሜ ከቸርች ቀጥታ መጣ። እናቴ አጥሚቷን ጨርሳ ነበር። በግራ እጇ የማይታዘዘውን ቀኝ እጇን አንስታ አማተበችበትና ጸሎቷን ጀመረች። ወንድሜ እንደ ሁልጊዜው በሩ አጠገብ አንገቱን ደፍቶ ቆመ፤ አብሯት ይበል ዝም ይበል አያውቅም።

ይቅርታ የሚጠየቅበት ቦታ ስትደርስ ቀጥ አለች። እዚያ ቦታ ቆማ አታውቅም። የጠፋባት መስሎኝ የሚቀጥለውን ቃል መጀመሪያ አቀበልኳት፤ በንግግር ልምምዷ ላይ እንዲያ አድርጉ ተብለናል። ራሷን ነቀነቀች። እኔን አልነበረም የምታየው።

«ያ…» አለች ወደ ወንድሜ እያየች፤ ግራ እጇን ዘረጋች።

መጥቶ አልጋው ጫፍ ላይ ተቀመጠ። ጣቶቹን ያዘችና ጸሎቱን ከመጀመሪያው ጀመረችው። ያ ቦታ ላይ ስትደርስ አልቆመችም፤ ግን ለተማሪ ቃል እንደምታጽፍ ቀስ እያለች፣ አንድ አንድ እያደረገች አለችው። ወንድሜ አብሯት አለ። ድምፁ እየተቆራረጠ እስከ መጨረሻው ደረሰ። እኔ ባዶውን የአጥሚት ኩባያ ይዤ ቆሜያለሁ፤ ዓይኔ እንባ ሞልቷል፣ ከንፈሬም ይንቀሳቀስ ነበር።

ሐኪሙ ተሳስቷል ማለት አልችልም። ካሴትም አንዳንዴ ይያዛል። በማግስቱ ጸሎቷን እንደ ወትሮው አንዴም ሳታቆም ነው ያለችው።

በንግግር ልምምዱ ቃላት ጥቂት በጥቂት ተመለሱላት። ውሃ አለች፤ ስሜን ጠራች። በከዘራ መሄድ ስትጀምር «ልጄ ቤት» አለችን፤ በባጃጅ ባህል አዳራሽ አካባቢ ወዳለው ወደ ወንድሜ ቤት ወሰድናት። ምራቷ ጎንበስ ብላ ጉልበቷን ሳመቻት። እናቴ የቀረበላትን በላች፣ ደግማም ጠየቀች። ምን እንደተሰማት ከፊቷ ማንበብ አልቻልኩም፤ በጣም ደክሟት ነበር።

ስንመለስ እዚያው ባጃጁ ውስጥ ጠየቅኳት። «እማዬ፣ ያን እሑድ ጸሎቱን ለምን አቆምሽው?»

ብዙ አሰበች። ቃሉን እየፈለገች እንደሆነ ስለማውቅ ጠበቅኳት።

«ረሳሁት» አለች።

ለወንድሜ በስልክ ስነግረው ቂሙን ማለቷ ነው አለ። ጥርጥርም አልነበረውም። እኔ የጸሎቱን ቃል ማለቷ መስሎኝ ነበር፤ አሁንም አብዛኛውን ጊዜ እንደዚያ ነው የሚመስለኝ። ድጋሚ አልጠየቅናትም። ጠዋት ጠዋት ስትጸልይ ግን ሥራ አልሠራም፤ እስክትጨርስ አጠገቧ እቀመጣለሁ።