በመፃጉዕ እሑድ የጎደለው ትከሻ

ይህን ነገር ባነሣሁ ቁጥር ሚስቴ «ደግሞ ጨጓራህን ልታስነሣው ነው» ትለኛለች። ይነሣ። ከጥርሶቼ ይልቅ ንዴቴ ጸንቶልኛል።

ዘመኑ የጃንሆይ ነው። ከአዲስ ቅዳም ወጣ ብሎ ካለው ሰፈራችን ሁዳዴን አጥብቄ የምጾም ጎረምሳ ነበርኩ። መጾም ብቻ መሰላችሁ? ከዘወረደ ጀምሮ «ፈቃድህን አሳየኝ» እያልኩ ጉልበቴ እስኪጠጥር እሰግድ ነበር። ሲገለጥልኝ ቢያንስ ብርሃን ይኖረዋል ብዬ ጠብቄአለሁ። መልአክም ቢመጣ አልጠላም።

በመፃጉዕ እሑድ ቅዳሴ ላይ ነን። እኔ እንደ ልማዴ በሩ አጠገብ ቆሜአለሁ። ትሕትና መስሏቸው የሚያመሰግኑኝ ነበሩ፤ እኔ ግን ቶሎ ለመውጣት ነው። ቄሱ የዕለቱን ወንጌል ይተረጉማሉ። ዘመኑን ሁሉ የተኛው በሽተኛ በሰንበት ቀን ተፈወሰ፣ አልጋህን ተሸክመህ ሂድ ተባለ፣ ፈሪሳውያንም ለምን በሰንበት ተሸከምክ ብለው ተቆጡት። ሁላችንም በፈሪሳውያን አዝነን ራሳችንን ነቀነቅን።

ወዲያው ከውጭ ጥሪ ተሰማ። ምጥ ከያዛት ሁለት ቀን የሆናትን ጎረቤታችንን በቃሬዛ ወደ ዳንግላ ይዘዋት ይሄዳሉ። ሦስቱን ጫፍ ባሏና ሁለት ወንድሞቹ ይዘዋል። አራተኛውን የያዙት የባልየው እናት ናቸው። አሮጊት፣ ነጠላቸውን አጣጥፈው ከእንጨቱ ሥር ትከሻቸው ላይ አድርገዋል። ግቢው ደግሞ ሙሉ ወንድ ነው።

«አንድ ሰው ስጡን» አለ ባልየው።

አንድ ሽማግሌ «ቅዳሴ ተረግጦ አይወጣም። እስኪያልቅ ታገሡ» አሉት።

«እሱን ለእሷ ንገሯት» አሉ አሮጊቷ፣ በአገጫቸው ወደ ቃሬዛው እያመለከቱ። በአገውኛ የቀጠሉትን አልጽፈውም።

ወጣሁ። ጀግንነት አይምሰላችሁ፤ የአሮጊቷ ዓይን መጀመሪያ ያረፈው በሩ አጠገብ ባለው ሰው ላይ ነው። ሰማይ አልተከፈተም፣ ብርሃንም አላየሁም። እንጨቱ ግን ትከሻዬን ላጠው። «እንረፍ» እያልኩ ያስቸገርኩት እኔው ነኝ። አሮጊቷ ከኋላ እየተከተሉ «ካቃተህ መልሰህ ስጠኝ፣ ልጄ» ይሉኛል።

ዳንግላ ስንደርስ የክሊኒኩ ድሬሰር አዋለዳት። እናትም ልጅም ተረፉ።

በሳምንቱ ቄሱ፣ የነፍስ አባቴም እሳቸው ነበሩ፣ አስጠሩኝ። «ቅዳሴ ረግጠህ ወጥተሃል፤ በሰንበትም ሸክም ተሸክመሃል። መቶ ስገድ» አሉኝ።

«አባቴ፣ አልጋ ነው የተሸከምኩት። ያን ዕለት እርስዎ የነገሩንን።»

«አፍህን ያዝ።»

አፌን ያዝኩ። አልሰገድኩም ግን፤ እስከ ዛሬም አልሰገድኩም። ያንን ወንጌል ባፋቸው ይዘው ደጃቸው ላይ ለቆመች ነፍስ አንድ ትከሻ የነፈጉ ሁሉ ይስገዱ። እኔ የእግዚአብሔርን ፈቃድ እየለመንኩ የከረምኩ ሰው፣ ፈቃዱ ሲመጣ ቅጣት አለው ብሎ የነገረኝ አልነበረም።

ልጁ ክርስትና ሲነሣ ፋሲካ አልፎ ስለነበር ጠላው እንደ ልብ ነው። ያው ሽማግሌ ዋንጫቸውን ከፍ አድርገው «በእግዚአብሔር ፈቃድ ተረፈች፤ ተመስገን» አሉ።

አሮጊቷ ጠላ እየቀዱ ነበር። «አዎን፣ ፈቃዱ በደጃችሁ ሲያልፍ እናንተ ቅዳሴ ላይ ነበራችሁ» አሏቸውና ሳይቀዱላቸው አለፉ።

እኔ ደረቴን ነፍቼ ዋንጫዬን ዘረጋሁ። ግማሽ ቀዱልኝ።

«አንተም መንገድ ላይ አርፈሃል» አሉኝ።