በረት የሌለው ቤት

የ፲፱፻፺፰ ዓ.ም. ሰኔ ነው። ደባርቅ መናኸሪያ አጠገብ አንዲት ተማሪ የሳምንት ስንቋን፣ ድርቆሽ በጨርቅ ቋጥራ እንደቆመች ዝናቡ ወረደ። አንድ የማታውቀው ገበሬ ጋቢውን ገፎ ቋጠሮዋን ሸፈነላትና በሸሚዝ ብቻ ቆመ።

«እግዜር ይስጥልኝ» አለች ልጅቷ።

«ለአንቺ መሰለሽ? ለድርቆሹ ነው!» አላት።

ይህን የሚጽፈው ሰው በአጋጣሚ አጠገባቸው ነበርና ስሙን ጠየቀው። ደምለው ይባላል። ትውውቃቸው ከዚያ ጀመረ።

ደምለው የሚያርሰው ከደባርቅ የሁለት ሰዓት መንገድ ርቆ ነው። የመጀመሪያ ልጁ እስከዳር ስምንተኛን ጨርሳለች፤ ዘጠነኛ ያለው ደግሞ ደባርቅ ብቻ ነው። ሚስቱ ደብሪቱ ቁርጡን ነግራዋለች፦ «ልጄ ለብቻዋ ኪራይ ቤት አትገባም። ወይ ሁላችንም ከተማ እንገባለን፣ ወይ ትምህርቱ ይቅር።» እስከ መስከረም ቤት ካልተገኘ የእስከዳር ትምህርት እዚያው ላይ አበቃ ማለት ነው።

ቤት አልጠፋም። ለደምለው የሚሆን ቤት ነው የጠፋው። በአገሩ ከብቱ ከታች፣ ልጆቹ ከላይ ቆጥ ላይ ያድራሉ፤ ብርዱን የሚመልሰው የላሞቹ ትንፋሽ ነው። ስለዚህ ደላላው አሻግሬ ቤት ባሳየው ቁጥር በረቱን ይጠይቃል። «የላም ትንፋሽ የሌለበትማ መቃብር ነው» ይላል። ይህንኑ ለደብሪቱም፣ ከተማ እንግባ ባለችው ቁጥር፣ ሁለት ዓመት ሙሉ ሰብኮላታል።

በረት ያለው ሲገኝ ደግሞ ሦስቱን ልጆቹን ወለሉ ላይ በተርታ አስተኝቶ ይለካል። ሕፃናት ሳሉ አንድ ቁርበት ለሦስቱም ይበቃ ነበር። አሁን ግን የእስከዳር እግር በበሩ ብቅ አለ።

«አባየ፣ ዘንድሮ እኮ አሥራ አምስት ዓመቴ ነው» አለች እንደተኛች።

«እጠፊዋ እግርሽን!»

አሻግሬ ሳቁን አፍኖ፣ «ጋሽ ደምለው፣ ለከርሞ ደግሞ አንገቷን ሊያሳጥፏት ነው?» አለው።

ፍልሰታ ተፈታ፤ ጳጉሜን ገባች። የመጨረሻው ቤት በረት የለውም፣ ግቢውም ላም አያዞርም። ደምለው ደጁን አይቶ ሊመለስ ሲል እስከዳር አንዲት ጠባብ ክፍል ገባችና ከውስጥ ቀረቀረችው። ቆየች።

አባቷ በዱላው አንኳኳ። «ምን ትሠሪያለሽ?»

«አጠናለሁ።»

«መጽሐፍ የለሽ፣ ምኑን?»

«ሲኖረኝ እንዴት እንደሚሆን እያየሁ ነው።»

ደምለው በሩን ሊገፋ እጁን ዘረጋ፤ ግን አልገፋም። በልጅነቱ ዳዊት ሲደግም፣ ለብቻው የሚቀመጥበት ጥግ አጥቶ ጫካ ይገባ እንደነበር ትዝ አለው። ወደ ደላላው ዞረ።

«ባለቤቱን፣ ቤቱን ደምለው ወስዶታል በለው። እግዚአብሔር ይመስገን።»

«በረቱሳ?» አለ አሻግሬ።

«አንተ ደግሞ! በረት ውስጥ የሚያጠና ልጅ አለኝ?»

በማግስቱ ማለዳ ደምለው ጸሐፊው ቤት መጣ። ተቀመጥ ቢባል አልቀመጥም አለ፤ ባርኔጣውን በእጁ ያዞራል።

«ወንድሜ፣ አንዲት ነገር ላስቸግርህ» አለ በመጨረሻ። «አገር ቤት አብረን እንውረድና፣ በረት የሌለው ቤት እንደወሰድኩ ለደብሪቱ አንተ ንገራት። ከእኔ አፍ ከሰማችውማ እስከ ጥምቀት ነው የምትስቅብኝ።»